ኮሊን ቻፕማን፡ በቸርኬና በፍሬን የተፈተነ ሕይወት

አውቶክሮስ የሚባለው የመኪና ውድድር ሀብታም መሆንን አይጠይቅም። በእንግሊዝ ሣር በለበሰ ማሳ ላይ፣ በአሜሪካ ደግሞ ሰው በሌለበት ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላይ የፕላስቲክ ኮኖች ተደርድረው ይካሄዳል። ተወዳዳሪው ሳምንቱን ሙሉ ሥራ የሚመላለስባትን መኪና እሁድ ጠዋት ይዞ ብቅ ይላል። ተራው ሲደርስ ጠመዝማዛውን መንገድ ከሰዓት ጋር እየተሽቀዳደመ ይጨርሳል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ሽልማቱም ቢበዛ አንዲት ዋንጫ ናት።

እንዲህ ባለ ውድድር የሚሳተፍ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ጥያቄ አለ። ያለችው ገንዘብ ትንሽ ናት፤ ታዲያ በምን ላይ ያውላት? ቀለል ያለ ቸርኬ ይግዛ? ፍሬኑን በትልቅ ይቀይር? ወይስ ሞተሩን ይነካካ? ዛሬ የምናወሳው ሰው ይህን ጥያቄ ገና በተማሪነቱ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ሲመልስ የኖረ ነው። ኮሊን ቻፕማን ይባላል፤ የሎተስ መኪና ፋብሪካ መሥራች። ከጭቃ ውድድር ተነስቶ የፎርሙላ ዋንን የአምራቾች ሻምፒዮና ሰባት ጊዜ ያሸነፈ ቡድን ገነባ። መልሱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነበር። ትክክል ባልሆነበት ጊዜ ግን ዋጋውን የከፈሉት ሌሎች ናቸው።

የሆቴል ቤቱ ልጅ

አንቶኒ ኮሊን ብሩስ ቻፕማን የተወለደው እ.ኤ.አ. ሜይ 19 ቀን 1928 ለንደን አጠገብ በምትገኘው ሪችመንድ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ በሰሜን ለንደን ሆርንሲ በሚባለው ሰፈር ሬልዌይ ሆቴል የተሰኘውን ቤት ያስተዳድሩ ነበር። ልጁ በጦርነቱ ዘመን አድጎ በ1945 ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ገባ። ያጠናው ስለ መኪና አይደለም። ያጠናው የሕንፃና የድልድይ መዋቅር ምህንድስና ነው። ይህቺን ነገር ልብ እንበላት። ድልድይ የሚያሰላ ሰው ሁልጊዜ የሚጠይቀው ሸክሙ በየት በኩል አልፎ የት እንደሚያርፍ ነው። ሸክም የማያልፍበት ብረት ለእሱ ትርፍ ነው። ቻፕማንም ዕድሜውን ሙሉ መኪናን ያየው በዚሁ ዓይን ነበር።

በዩኒቨርሲቲው የአየር ጓድ ውስጥ ገብቶ አውሮፕላን ማብረርም ተማረ። የኪሱን ገንዘብ የሚያገኘው ግን ከአንድ ጓደኛው ጋር አሮጌ መኪና እየገዛ በመሸጥ ነበር። ከጦርነቱ ማግስት አዲስ መኪና ማግኘት ጭንቅ ስለነበር ንግዱ ደራለት። ብዙም አልቆየ፤ በ1947 መጨረሻ ላይ መንግሥት ለግል መኪና ይሰጥ የነበረውን የቤንዚን ራሽን አቆመ። ነዳጅ የሌለው መኪና ማን ይገዛል? ዋጋው ወደቀ፣ ትርፉም ተነነ። በመጨረሻ በእጁ የቀረችው ገዢ ያጣች አንዲት አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ናት።

ሎተስ የተጀመረው እንግዲህ ማንም ሳይገዛት በቀረች መኪና ነው።

ከጭቃ ዳገት ላይ

ኦስቲን ሰቨን በዘመኗ የተርታው እንግሊዛዊ መኪና ነበረች። ሞተሯ 747 ሲሲ ብቻ ነው። ቸርኬዎቿ እንደ ብስክሌት ራጂ ያላቸው፣ ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው። ፍሬኗ በዘይት ሳይሆን በሽቦ ገመድ የሚጎተት ሲሆን፣ ይዞ አለማቆሙ መቀለጃ ነበር። ቻፕማን ይህችን መኪና የፍቅር ጓደኛው የሃዘል ዊልያምስ ወላጆች ቤት ጓሮ ባለ ጋራዥ ውስጥ አስገብቶ በታተናት። አሮጌውን አካል አንስቶ በኮምፔንሳቶና በስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ አዲስ አካል ሠራላት። ኮምፔንሳቶው ለሽፋን ብቻ የገባ አልነበረም፤ የሚንቀጠቀጠውን ቴላዮ ጠፍንጎ የሚይዝ የመዋቅሩ አካል ነበር። ይህች የመጀመሪያዋ ሎተስ ናት።

በ1948 ይዟት የወጣው ትሪያል ወደሚባለው የአማተሮች ውድድር ነው። የአውቶክሮስ የቅርብ ዘመድ በሉት። ጭቃ የሆነ ዳገት ይመረጣል፤ መኪናው ሳይቆም የወጣው ርቀት በነጥብ ይቆጠራል። ከሾፌሩ ጋር የተቀመጠ ሰው የኋላ ጎማዎቹ መሬት እንዲነክሱ ወንበሩ ላይ እየዘለለ ክብደቱን ያሳርፋል። ሃዘልም በእነዚህ ውድድሮች ብዙ ጊዜ አብራው ነበረች። ወጣቱ መሐንዲስ ከዚያ ዳገት ላይ የተማረው ትምህርት ቀላል ነው፤ ክብደት በሚያስፈልግበት ቦታ ይጠቅማል፣ በሌላው ቦታ ሁሉ ጠላት ነው።

ዩኒቨርሲቲውን ጨርሶ፣ በአየር ኃይል አጭር ጊዜ አገልግሎ ተመለሰና ብሪቲሽ አሉሚኒየም በተባለ ኩባንያ ተቀጠረ። ቀን ቀን የቢሮ ሰው፣ ማታ ማታ የጋራዥ ሰው ሆነ። በ1950 ሁለተኛ መኪናውን ይዞ በሲልቨርስቶን የክለቦች ውድድር ላይ ከተሳተፈ በኋላ ልቡ ከጭቃው ወደ አስፋልቱ አደላ። በ1951 ደግሞ ኦስቲን ሰቨንን መሠረት ላደረገውና ሆን ተብሎ ርካሽ እንዲሆን ለተፈጠረው የ750 ውድድር ሦስተኛ መኪናውን ሠራ። የዚህ ሞተር አራት ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ይጋራሉ። ቻፕማን ቀዳዳውን ለሁለት የሚከፍልበት ብልሃት አገኘና ተፎካካሪዎቹን ጥሏቸው ሄደ። አዘጋጆቹ ያደረጉት ነገር ቢኖር ደንቡን መቀየር ነው። ይህ ጠባዩ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። ደንብ ሲያነብ የሚፈልገው የተከለከለውን ሳይሆን ያልተከለከለውን ነበር።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1952 ሎተስ ኢንጂነሪንግ በይፋ ተቋቋመ። መነሻ ካፒታሉ ከሃዘል የተበደረው ጥቂት ገንዘብ ነው። አውደ ጥናቱ አባቱ ከሚያስተዳድሩት ሆቴል ጀርባ ያለ አሮጌ የፈረስ ጋጥ ነበር። ሁለቱ በ1954 ተጋቡ። በዚያ ጋጥ ውስጥ ወጣቶች ከሥራ መልስ እየመጡ ሌሊቱን ሲሠሩ ያድሩ ነበር። ኋላ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ግራሃም ሂል እንኳ ወደ ሎተስ የገባው በመካኒክነት ነው።

የሚሸጡት ደግሞ ያለቀለት መኪና አልነበረም። ቴላዮውንና አካሉን ይሰጡሃል፤ ሞተሩንና ሌላውን ዕቃ ከተርታ የፎርድ መኪና ላይ ታመጣለህ፤ ቤትህ ወስደህ ራስህ ትገጥመዋለህ። ተገጣጥሞ ያለቀ መኪና ላይ የሚጣለው ግብርም በዚህ መንገድ ይቀራል። ሲክስ የተባለችው ሞዴልና በ1957 የተከተለቻት ሰቨን እንዲህ ነው በየአማተሩ ጋራዥ የገቡት።

ቸርኬ ለምን ይቀላል? ፍሬንስ ምን ያህል ይበቃል?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በመኪና ላይ ያለ ክብደት ሁሉ እኩል አይደለም። ቸርኬ፣ ጎማና እዚያው ላይ የተገጠመ ፍሬን ከሞላው በታች ናቸው። መሬቱ ሲያጎድልና ሲያጎብጥ አብረው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ከባድ ከሆኑ ሞላውና አሞርዛተሩ ሊገሯቸው ያቅታቸዋል፤ ጎማው ይነጥርና መሬቱን ይለቃል። መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ አይዞርም፣ አያቆምም፣ አይገፋም።

ሁለተኛው ምክንያት ቸርኬ ወደፊት ከመሄዱ በላይ የሚሽከረከር መሆኑ ነው። በጠርዙ ላይ ያለች አንድ ኪሎ ለማፍጠንም ሆነ ለማቆም ስትባል ወደ ሁለት ኪሎ ገደማ ሆና ትቆጠራለች። በረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ይህ ብዙም አይሰማም። አውቶክሮስ ግን ማፍጠን፣ ማቆም፣ መጠምዘዝ፣ እንደገና ማፍጠን ነው። ስለዚህ ዲያሜትሩ ትልቅ የሆነ፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ማሰር ለዓይን ቢያምርም ክብደቱን ወደ ጠርዝ ይገፋል፣ ሰዓትም ይበላል። ለጎማው ተስማሚ ስፋት ያለው፣ ዲስኩንና ካሊፐሩን ብቻ የሚያሳልፍ አነስ ያለ ቸርኬ ይሻላል።

ቻፕማን በ1957 ለመጀመሪያዋ ባለ አንድ ወንበር መኪናው ለሎተስ 12 የሠራው ቸርኬ የዚህ አስተሳሰብ ልጅ ነው። ከማግኒዚየም የተቀለጠ ሲሆን ራጂ የለውም። መሐሉ እንደ ሞገድ የተጣጠፈ ስስ ዝርግ ብረት ነው። ላየው ሰው የተወላገደ ይመስላል፤ እንግሊዞቹም ያወጡለት ስም ይህንኑ የሚል ነበር። እጥፋቱ ግን ለጌጥ አልገባም። መኪናው ሲጠመዝዝ ቸርኬውን ወደ ጎን የሚያጣምመውን ኃይል የሚሸከመው እሱ ነው። የድልድይ ተማሪው ሸክሙ የሚያልፍበትን መንገድ ተከትሎ ብረቱን አስቀመጠ፣ ሌላውን አስወገደ።

ፍሬኑስ? እዚህ ላይ የ1956ቷ ሎተስ ኢለቨን ጥሩ አስተማሪ ናት። ሃያ አራት ሰዓት ለሚፈጀው የለ ማን ውድድር የታሰበችው ዓይነት ዲስክ ፍሬን ነበራት። ለአማተሩ የተዘጋጀችውና ክለብ የምትባለው ግን በተለመደው የታንቡሮ ፍሬን ነው የምትሸጠው። ቻፕማን ለአማተሩ ስስት አድርጎ ነው? አይደለም። ፍሬን ማለት ፍጥነትን ወደ ሙቀት የሚቀይር ዕቃ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማቆም ከ60 ከማቆም አራት እጥፍ ያቃጥላል ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከከፍተኛ ፍጥነት እየደጋገመ የሚያቆም መኪና ያን ሁሉ ሙቀት ለአየር የሚያስረክብ ዲስክ ያስፈልገዋል። በዝቅተኛ ፍጥነት ጥቂት ጊዜ ብቻ ፍሬን የሚይዝ የአጭር ውድድር መኪና ግን ፍሬኑ ገና ሳይሞቅ ነው ውድድሩ የሚያልቀው።

ለዚህም ነው ዛሬም ቢሆን ለአውቶክሮስ ብሎ ግዙፍ ዲስክና ካሊፐር የሚገጥም ሰው ብዙ ጊዜ በገዛ ገንዘቡ ክብደት የሚገዛው። ያውም ከሞላው በታች የሚገባ ክብደት። ከዚያም ትልቁ ዲስክ ትልቅ ቸርኬ ይጠይቃል፤ ትልቁ ቸርኬ ደግሞ ሌላ ክብደት ይዞ ይመጣል። የሚያስፈልገው ገና በቅዝቃዜው የሚይዝ የፍሬን ሸራ፣ ያልቆየ የፍሬን ዘይትና ጤነኛ ቱቦ ነው። ለረጅም ውድድር የተሠራ ሸራ ካልሞቀ በደንብ አይዝምና በአጭር ውድድር ላይ ጉዳቱ ያይላል።

አራት ብሎን፣ ስድስት ብሎን

በ1962 ቻፕማን ሎተስ 23 የተባለችውን ትንሽ መኪና ይዞ ለ ማን ሄደ። የፊት ቸርኬዎቿ በአራት፣ የኋላዎቹ በስድስት ብሎን ይታሰሩ ነበር። ሥራ የሚበዛባቸው የኋላዎቹ ናቸውና በምህንድስና በኩል ነገሩ ያስኬዳል። ፈታሾቹ ግን አንድ ስኮርታ ጎማ ለፊትም ለኋላም መግጠም አለበት ብለው መኪናዋን ከለከሉ። የሎተስ ሰዎች ተሯሩጠው የኋላውንም በአራት ብሎን የሚታሰር አድርገው አቀረቡ። በዚህ ጊዜ ደግሞ ፈታሾቹ፣ መጀመሪያ ስድስት ብሎን ያስፈልገዋል ተብሎ የተሠራ ነገር በአራት ቢታሰር አደገኛ ነው ብለው እንደገና መለሷት። ቻፕማን በንዴት ዳግመኛ እዚያ ውድድር ላይ ላለመቅረብ ማለ፤ መሐላውንም ጠበቀ።

ታሪኩን የሎተስ ወዳጆች የፈረንሳዮች ተንኮል ምሳሌ አድርገው ያወሩታል። ሆኖም የፈታሾቹ ሁለተኛ ጥያቄ እንዲያው በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። ቸርኬን የሚይዙት ብሎኖች ስንት ሲሆኑ ነው የሚበቁት? ትርፍ የሚባለው የትኛው ነው? መጠባበቂያ የሚባለውስ? ቻፕማን በዚህ ጥያቄ ላይ የነበረው ድፍረት ከዚያ በፊትም ሰው ጎድቶ ነበር። በ1960 ቤልጂየም ስፓ ላይ ስተርሊንግ ሞስ የሚነዳት ሎተስ 18 በልምምድ ላይ ሳለች የኋላ ቸርኬዋ ተነቅሎ ሄደ። ሞስ ሁለት እግሩ ተሰብሮ በሕይወት ተረፈ።

ክብርና ሐዘን

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የሎተስ የወርቅ ዘመን ናቸው። በ1962 የቀረበችው ሎተስ 25 እንደ ቀድሞዎቹ በቱቦ ቴላዮ ላይ የተሠራች አልነበረችም፤ አካሏ ራሱ መዋቅሯ ነበር። በኮምፔንሳቶ የጀመረው ሐሳብ እዚህ ደረሰ። ስኮትላንዳዊው ገበሬ ጂም ክላርክ በ1963 እና በ1965 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው በ1965 አሜሪካ ተሻግሮ የኢንዲያናፖሊስን ውድድርም አሸነፈ። ቻፕማንና ክላርክ እንደ ወንድማማች ይታዩ ነበር። ክላርክ ኤፕሪል 7 ቀን 1968 ጀርመን ሆከንሃይም ላይ በሎተስ መኪና ውስጥ ሞተ። የኋላ ጎማው አየር አጥቶ ሳይሆን አልቀረም ተብሎ ይታመናል። ሐዘኑ ቻፕማንን ሰብሮት ነበር፤ ሥራው ግን አልቆመም።

በ1969 ባርሴሎና ላይ የሁለቱ የሎተስ ሾፌሮች የግራሃም ሂልና የዮኬን ሪንት መኪናዎች ክንፋቸው እየተሰበረ ተጋጩ። ለኦስትሪያ የሚወዳደረው ሪንት ከዚያ በኋላ ለቻፕማን ደብዳቤ ጻፈለት። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ መኪናዎቹ ፈጣን ናቸው፣ ነገር ግን ደካማ በሆኑት ክፍሎቻቸው ላይ ጥቂት ኪሎ ቢጨመር ፍጥነታቸው ብዙ ሳይቀንስ ሾፌሩ ይተርፋል የሚል። የጨዋ ልመና ነበር።

በ1970 ሎተስ 72 መጣች። የፊት ፍሬኖቿ በቸርኬው ውስጥ አልነበሩም፤ ወደ መኪናው አካል ውስጥ ገብተው በዘንግ ከቸርኬው ጋር ይገናኙ ነበር። ሐሳቡ ብሩህ ነው። የዲስኩና የካሊፐሩ ክብደት ከሞላው በላይ ሆነ፤ ሙቀቱም ከጎማው ራቀ። ነገር ግን አሁን ማቆሚያው ሁሉ በአንድ ዘንግ ላይ ተንጠለጠለ። ያ ዘንግ ከተሰበረ በዚያ ጎማ ላይ ፍሬን የሚባል ነገር የለም።

ሪንት በዚያ ዓመት አምስት ውድድር አሸንፎ ነጥቡን ይመራ ነበር። ሴፕቴምበር 5 ቀን ጣሊያን ሞንዛ ላይ በልምምድ ሳለ ፓራቦሊካ ወደሚባለው መታጠፊያ ሲቃረብ ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ወደ ግራ ተጠምዝዛ የብረቱን አጥር መታች። የ28 ዓመቱ ሰው በዚያው ሞተ። በምርመራው የቀኝ የፊት ፍሬን ዘንግ ተሰብሮ ተገኘ። በእርግጥ ያ ብቻ አልነበረም፤ አጥሩ በሚገባ አልተተከለም፣ ሪንትም በእግሮቹ መካከል የሚያልፈውን የመቀመጫ ቀበቶ አላሰረም ነበር። የጣሊያን ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለዓመታት ካየ በኋላ ቻፕማንን ነጻ አደረገው። ሪንት ያገኘው ነጥብ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚደርስበት አልተገኘምና ከሞተ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የተባለ ብቸኛው የፎርሙላ ዋን ሾፌር ሆነ።

ይህቺው ሎተስ 72 በ1972 ለኤመርሰን ፊቲፓልዲ የዓለም ሻምፒዮናን አስገኘች። ሐሳቡ ስህተት አልነበረም ማለት ነው። ስህተቱ ሐሳቡን በሚሸከመው ዘንግ ላይ ነበር።

መጨረሻው

ቻፕማን ከዚያም አልተኛም። በመኪናው ሆድ ሥር የሚያልፈውን አየር ወደ መሬት እንዲስብ አድርጎ የሠራት ሎተስ 79 በ1978 ማሪዮ አንድሬቲን ሻምፒዮን አደረገች። በዚያው ዓመት ሌላው ሾፌሩ ሮኒ ፒተርሰን ሞንዛ ላይ በደረሰበት ግጭት ሳቢያ ሕይወቱ አለፈ። በኋላም ሎተስ የምህንድስና ሥራውን የሠራችለት የዴሎሪያን መኪና ፋብሪካ ሲከስር፣ የእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ የገባበት ጠፍቶ ምርመራ ተጀመረ። ስሙም ከጉዳዩ ጋር ተነሳ። ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት ዲሴምበር 16 ቀን 1982 በ54 ዓመቱ በልብ ድካም ሞተ። የኩባንያው የገንዘብ ኃላፊ ግን ከዓመታት በኋላ ተፈርዶበት ታሰረ።

ታዲያ የዚህ ሰው ሕይወት ለአማተሩ ምን ይለዋል? ሎተስ ሰቨን ዛሬም አልሞተችም። መብቱን በ1973 የገዛው ካተርሃም የተባለው ኩባንያ እስካሁን ይሠራታል፤ ትንሽ ሞተር የያዘች ቀላል መኪና ግዙፎቹን በጠመዝማዛ መንገድ ስትጥል ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ ክብደትን ጠላት ማድረጉ ትክክል ነበር። ቀላል ቸርኬ ይገዛ፤ የማያስፈልግ ትልቅ ፍሬን ይቅር።

ግን ደግሞ ርካሽ የሆነና ቀላል ነው የተባለ ቸርኬ ሁሉ አይታመንም። የሚሸከመው ክብደት ስንት እንደሆነ ይጠየቅ፤ የተቀለጠ ከሆነ በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ እንዳለው ከውድድር በፊት በባትሪ ብርሃን ይታይ። ዳዶዎቹ ለቸርኬው የሚስማሙ ይሁኑ፤ በልክ ይጥበቁ፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላም ተመልሰው ይፈተሹ። የፍሬን ዘይት ውሃ የመጠጣት ጠባይ ስላለው ሳያረጅ ይቀየር። የዚህ ሁሉ ዋጋ ከአንድ ቸርኬ ዋጋ ያንሳል።

ከወንበሩ፣ ከበሩ፣ ከኮፈኑ ላይ የሚነሳ ኪሎ ቢበዛ ምቾት ይቀንሳል። ከቸርኬው፣ ከብሎኑና ከፍሬኑ ዘንግ ላይ የሚነሳው ግን ሰው የተሸከመ ነው። ሪንት በደብዳቤው የጠየቀው የዚያችን ኪሎ ጉዳይ ነበር።